አይረባም የተባለው ገደል

«ይሄ አይረባም፤» አለና ግርማቸው በቀይ እስክሪብቶ ዋይኪኪን ሰረዘው። ዋይኪኪን! አገር ምድሩ የሚጎርፍበትን፣ ፎቶግራፉ በየትኬት ቢሮው መስኮት የተለጠፈውን የባሕር ዳርቻ፣ እንደ ወረዳ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ መስመር ሳበበት። «ሰው በሰው ላይ ነው። ፎጣ ማንጠፊያ ቦታ አታገኚም፤ ኮካ ኮላ እንኳ እዚህ ከምትገዢበት እጥፍ ነው።» ውብዳር ሳቀች። ታናሽ ወንድሟ ቆፍጠን ብሎ ሲፈርድ ማየት ድሮም ደስ ይላታል። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ገበያ ይዛው ስትሄድ፣ ይሄ ሎሚ አይረባም፣ ያቺ ዶሮ ታማለች እያለ ነጋዴዎቹን ያስቀይምባት ነበር። አሁን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ኤንጂነር ተብሎ፣ በራሱ ወጥ ቤት በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሃዋይን ሲያበጥርላት፣ አይ የኔ ልጅ! አለች በሆዷ። ልጇ አይደለም። ግን እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት፣ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ስለነበሩ፣ ልጄ ብትል ማን ይከራከራታል?

ሃዋይ የመጣው እንዲህ ነው። ውብዳር ኦክላንድ ውስጥ የሆስፒታል ነርስ ናት። በመንግሥት ስኮላርሺፕ መጥታ፣ ተምራ፣ ሥራ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ፤ ቬኬሽን ውሰጂ ሲሏት ኦቨርታይም ስጡኝ እያለች ኖራለች። ዘንድሮ ግን አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ጓደኛዋ «አንቺ ሴትዮ፣ ሳትሞቺ አንድ ጊዜ እንኳ ጫማሽን አውልቀሽ ተቀመጪ!» ብላ እጇን ጎትታ ትኬት ቢሮ አስገባቻት። ስድስት ቀን፣ ሆኖሉሉ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ደርሶ መመለስ። ከቢሮው የሰጧትን ባለ ቀለም ወረቀቶች ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ስታገላብጥ ቆይታ፣ በቢጫ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ቦታ ጻፈች። ስድስት ቀን ለአሥራ አንድ ቦታ አይበቃም፤ እንግዲህ የትኛው ይታይ የትኛው ይቅር ብላ ወንድሟን ልታማክር መጣች። ይህ ለአፍ ነው። ዋናው ጉዳይ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የገዛችው ሁለት ትኬት ነው፤ አንዱ በሷ ስም፣ አንዱ በግርማቸው። ሠናይት፣ ሚስቱ፣ የሰመር ስኩል ፈተና ስላለባት ከሳን ሆዜ ንቅንቅ እንደማትል በስልክ አዋዝታ አጣርታለች። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ትኬቱን ከሳህኑ ሥር ልታስቀምጥለት አስባ፣ ከራሷ ጋር ስትስቅ ነበር የመጣችው።

ሽርሽር ብቻ አልነበረም። ውብዳር ይህን ልጅ ልትክሰው ትፈልጋለች። አባታቸው ግራዝማች ወልደ ማርያም የሞቱ ጊዜ፣ ዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ውሸት ዋሽታዋለች፤ በሞቱት አባቱ ስም። ይቅር ብሏታል፤ በአርባው ቀን እግሩ ላይ ብትወድቅ አንስቶ ስሟታል። ቢሆንም ነገሩ እንደ አሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ፣ ቅዳሴ ላይም፣ በሽተኛ ስታጥብም እየመጣ ይወጋታል። ስድስት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ፣ ባሕር እያየን ስለ አባባ ደህና አድርገን እናወራለን፤ ያኔ ይወጣልኛል ብላ ነው።

ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ባርት የሚሉት አዲሱ ባቡር ቅዳሜና እሁድ አይሠራም፤ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው የሠሩት ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን ዘመድ እንዳይጠይቅ ይመስል። ስለዚህ በአውቶቡስ ሄደች። መንገዱ እስኪያልቅ ትኬቶቹ እንዳሉ ሦስት ጊዜ ቦርሳዋን ከፍታ አየች። ከፍሪሞንት ወዲያ ድሮ የፕለምና የአፕሪኮት ዛፍ ብቻ የነበረው ሜዳ ላይ ቤት እንደ እንጉዳይ ፈልቷል፤ ዋጋው በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ቆሟል፣ ሃያ ስምንት ሺህ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ። የግርማቸውም ቤት ከነዚያ አንዱ ነው። ሦስት መኝታ ቤት አለው፤ አንደኛው ባዶውን ነው፣ ምንጣፉ ገና የፋብሪካ ሽታ ይሸታል። «ይሄ ያንቺ ነው እትዬ፣ ስታረጂ» ይላት ነበር ግርማቸው፤ እሷም በመጣች ቁጥር ሳትታይ ገብታ መስኮቱ በየት በኩል ፀሐይ እንደሚያስገባ ታያለች።

ዝርዝሩ እየተሰረዘ ቀጠለ። የአናናሱ እርሻ አይረባም፤ «አናናስ አናናስ ነው፣ ሰልፉ ግን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያስቆምሻል»። ሉአው የሚሉት የማታ ግብዣ ጭራሽ አይታሰብ፤ «አሳማ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው አብስለው ነው የሚያቀርቡልሽ፤ አንቺ ሽታውንም አትችዪው፤ ዳቦና ድንች በልተሽ የሙሉ ሰው ሂሳብ ትከፍያለሽ»። ፐርል ሐርበር ይታያል፤ ግን በጠዋት፣ ነጠላ ጫማ ሳታደርጊ፣ አለዚያ ከጀልባው ይመልሱሻል። ዓሦቹ እግር ሥር የሚመጡበት የባሕር ወሽመጥ ይታያል፤ «ቁልቁል መውረዱን አትዪው፣ ዳገቱን መመለስ ነው ጉዱ»። ውብዳር እየሰማች ተገረመች። ይህ ልጅ የማያነበው ነገር የለም! ከትኬት ቢሮ የሰጧት ወረቀት ላይ ስለ ዳገቱም ስለ ነጠላ ጫማውም አንድ ቃል አልተጻፈም። መጨረሻ ላይ ፓሊ የሚባለው ገደል ቀረ። ከተራራ አፋፍ ላይ ቆመው ደሴቲቱን ከነባሕሯ ቁልቁል የሚያዩበት ቦታ ነው፤ መግቢያም አያስከፍል። ግርማቸው እሱን አንዴ ሰረዘ፤ ከዚያ ተመልሶ በላዩ ላይ ደገመበት፤ ጎኑም ላይ «ነፋስ ብቻ» ብሎ ጻፈ።

«ምነው፣ ነፃ ነው እኮ!» አለች ውብዳር።

«ነፃ ስለሆነ ነው የማይረባው፤» ብሎ ተነሣ። በረዶ አልቋል፣ ሐብሐብም ላምጣ፣ ታች ያለው ሱቅ ዛሬ ቅናሽ ነው፤ አለና የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ሠናይት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ ቀድሞ የሚመጣ ልጅ። ውብዳር ትወዳታለች። ካቻምና ማን ናት ሲባል «የጓደኛዬ እህት ናት» እያለ የሸፋፈናት፣ ከግራዝማች ሙት ዓመት በኋላ ግን በሽማግሌ ተጠይቃ፣ ውብዳር በእናት ቦታ ተቀምጣ የተዳረች ናት። ሰላጣውን እየከተፈች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ባል ሲወጣ ሚስት ፍርድ የምትገለብጥበት ድምፅ።

«እትዬ፣ እሱ ብሎ ነው እንጂ ፓሊን አይተዉት። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሲያዩት ሆድ ያባባል። ብቻ ባርኔጣ እንዳያደርጉ! የሱን ያቺን ግራጫ ባርኔጣ ነፋሱ ከራሱ ላይ መንጥቆ አይደል ገደል የከተተበት? ተንበርክኮ ሲያለቅስ ፈረንጆቹ ሁሉ ቆመው...» ቢላዋው ቆመ። ሠናይት ቀና ብላ የውብዳርን ፊት አየች። «ነግሬያታለሁ ብሎኛል እኮ። ከሠርጋችን በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፣ ይቅር አለችኝ ብሎኛል።»

«የትኛዋን ባርኔጣ?» አለች ውብዳር።

የትኛዋን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ግራዝማች ወልደ ማርያም ልጃቸውን ሲሸኙ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከራሳቸው አውልቀው የሰጡት ባርኔጣ ነው። እሳቸው ሲሞቱ፣ የእሳቸው የሆነ ነገር በዚህ አገር ያ ባርኔጣ ብቻ ነበር። በወጉ ለቅሶ ሲሆን የሟች ልብሱ፣ ጫማው፣ ባርኔጣው ወጥቶ፣ እሱ እየታየ ነው የሚለቀሰው፤ በባዶ እጅ ማን አልቅሶ ያውቃል? «ባርኔጣዋን አምጣት፣ እናልቅስባት» ብትለው «ዳላስ ታክሲ ውስጥ ረሳኋት፣ እትዬ» አላት። እሷም እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሲያደርስበት ነው ብላ፣ በጉርድ ፎቶግራፍ አለቀሰች።

ዳላስ! ያን ጊዜ ነሐሴ ነበር። ግርማቸው መሥሪያ ቤቱ ለአሥር ቀን ስልጠና ቴክሳስ እንደላከው ነግሯት ሄደ። በሁለተኛው ቀን ቴሌግራሙ መጣ፤ አባት ማረፋቸውን የሚናገር፣ ስድስት ቃል። ውብዳር ምን አደረገች? የአገሯን ወግ አደረገች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የአባቱን ሞት ብቻውን፣ ባዕድ ከተማ፣ ሞቴል ውስጥ፣ ወገቡን ይዞ የሚያስቀምጠው በሌለበት አይረዳም። ጋሽ ገብረክርስቶስም፣ በርክሌይ የሚያስተምሩት፣ የሐበሻው ሁሉ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እስኪመለስ አፍነሽ ያዢው፤ እኛም አናወጣም» አሏት። ያዘችው። ስምንት ቀን ሙሉ አባቷ ሞተው ሥራ ገባች፤ የሰው አልጋ አነጠፈች፣ ለሰው ሳቀች፤ ጥቁር አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልላጨችም፣ ድምፅዋን አውጥታ አንዴም አላለቀሰችም። በየሁለት ቀኑ ሲደውል ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንዴት ነው ስልጠናው?» ትለዋለች። በአምስተኛው ቀን ራሱ ጠየቃት፤ «ከአባባ ደብዳቤ መጣ?» አላት። እሷም «መጣ፤ ደህና ናቸው፤ ፎቶግራፍህን ላክልኝ ብለውሃል» አለችው። ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያ ነው ውሸቷ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ የቆመው አጥንት ያ ነው።

«ሠናይት፣ እዪኝ፤» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ያኔ ዳላስ አልነበረም?»

ሠናይት ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እንባዋ መጣ። «ሳንጋባ አብረን ሄድን ብለን ማን ፊት እናወራለን፣ እትዬ? አፈርን። እሱ ነው ዳላስ በይ ያለኝ።»

«እሱን ተይው። የወጣትነት ነገር ነው፤ እሱን አልጠየቅሁሽም። ባርኔጣው ሲወድቅ ለምን አለቀሰ? ባርኔጣ ወደቀብኝ ብሎ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም።»

ሠናይት እጇን በፎጣ ጠረገች። ከዚያ ሁሉንም አወጣችው፤ ልብሷ ላይ የፈሰሰ ነገር እንደምታራግፍ እየተቻኮለች። በሦስተኛው ቀን አብሮት የሚኖረው ልጅ ሆቴል ደውሎ «አባትህ አርፈዋል፣ ኦክላንድ ተሰምቷል» ብሎ ነገረው። እሷ እንመለስ አለች፤ ልብሷንም አጣጥፋ ነበር። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። «እትዬ እኔ ሳልመለስ አትነግረኝም» አላት። «አውቃታለሁ። ታፍነዋለች። ስለዚህ ከመመለሴ በፊት አልሰማሁም ማለት ነው።» ሆቴሉም ተከፍሏል፤ የደሴቲቱም ግማሽ አልታየም። በማግስቱ ነው ፓሊ የወጡት። ባርኔጣዋ ስትበር እንደ ልጅ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እስኪመለሱ ድረስ ስለ አባቱ አንድ ቀን አላነሣም።

ውብዳር የሰማችው እስከ «ታፍነዋለች» ድረስ ነበር፤ ሌላው በጆሮዋ አልፎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አወቀ። በአምስተኛው ቀን ደወለላትና «ከአባባ ደብዳቤ መጣ?» አላት። አውቆ! የሞቱ አባቱን ደብዳቤ ከእህቱ አፍ ጎትቶ አወጣ፤ ለምን? እንዳትጠረጥረው፤ ምንም እንዳልሰማ መስሎ እንዲታያት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላል ያገሯ ሰው፤ እሷ ግን ፈረሱን ራሷ ኮልኩላ አሳድጋ፣ ራሷ ጭና፣ ራሷ ነበር የወጣችበት። ከተመለሰ በኋላ ያለውም ቀን ተራ በተራ መጣባት። ጎህ ሲቀድ ከጋሽ ገብረክርስቶስና ከአምስት ሰው ጋር በሩን ሲያንኳኩ፣ በፒጃማ ወጥቶ «ምነው በደህና?» ያለው። ከዚያ ጩኸቱ! ደረቱን ሲመታ፣ ወለሉ ላይ ሲፈጠፈጥ፣ ግንባሩን እንዳይሰብር እጇን ከሥር አስገብታለት የቀለበት ጣቷ የተሰበረው። አፍንጫው ተልጦ ነበር፤ በፀሐይ። ውብዳር በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል አይታው፣ ወይ የቴክሳስ ፀሐይ፣ ልጄን አቃጠለብኝ ብላ አዝናለታለች። አዝናለታለች!

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። «እንዳትነግሪው፤» አለች ሠናይትን። «ምሳሽን አቅርቢ።»

ምሳው ጥሩ ምሳ ነበር፤ ዶሮ ጥብስ፣ ሰላጣ፣ ሩዝ፣ በረዶ የተነከረ ሐብሐብ። ግርማቸው የዶሮውን እግር ለእህቱ አነሣላት፤ ድሮም እግሩን ነው የምትወደው፣ አይረሳም። ሐብሐቡ በፓውንድ አራት ሳንቲም እንደወደቀ አወራ፤ ከጎረቤት አጥር ጋር ስላለው ጭቅጭቅ አወራ፤ መሥሪያ ቤቱ ሊያሳድገው ነው። ሠናይት ሳህን አንሥታ ሳህን ታስቀምጣለች፤ ዐይኗን ከገበታው አላነሣችም። «ምነው ዛሬ ሁላችሁም ዝም?» ብሎ ሳቀ። ውብዳር የዶሮዋን እግር በሹካ ወዲያ ወዲህ አደረገች። ቦርሳዋ ወንበሩ ሥር፣ እግሯን ነክቶ ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በመንገድ ያሰበችው ይህን ሰዓት ነበር፤ ሳህኑን ብድግ አድርጎ ትኬቱን ሲያይ የሚሆነውን ፊት። ፊቱን አየችው። ደስ የሚል ፊት ነው፣ ያባባን አገጭ ወስዷል። በዚህ ፊት ውሸት ከየት በኩል እንደሚገባ ፈለገች፤ አጣችው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለወንድምና እህት ነበር፤ እሷ ግን ለዚህኛው እናቱም እህቱም ስለነበረች ማንን ትክሰስ? ከመሄዷ በፊት እጇን ልትታጠብ ብላ ተነሣችና ባዶው መኝታ ቤት በር ላይ ቆመች። ፀሐዩ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። አልገባችም።

ማቆሚያው ድረስ በመኪናው ወሰዳት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አንዲት አሮጊት ድመት በቅርጫት ይዛ አጠገባቸው ታንቀላፋለች። ግርማቸው ቢጫውን ወረቀት አጣጥፎ በእጇ አስያዛት፤ «ያልሰረዝኩልሽን ብቻ እዪ፤ ሌላው ድካም ነው» አላት። ውብዳር በሕይወቷ ብዙ ሰው አስታማለች፤ ሊሞት ላለ ሰው እንኳ አንድ የመጨረሻ መድኃኒት ይሞከርለታል። ሞከረችለት።

«ግርማዬ፣ ዳላስ እንዴት ነበር?»

«ዳላስ?» አለ፤ አልደነገጠም፣ ቅንድቡን እንኳ አላነሣም። «ምን ዳላስ አለ እትዬ፣ ሙቀት ብቻ። አንድ የሚታይ ነገር የለውም። አይረባም፤ እንዳትደክሚ።»

እንዲህ ነው የመለሰው። እግሩ ያልረገጠውን ከተማ እንደ ዋይኪኪ፣ እንደ አናናሱ እርሻ፣ በአንድ መስመር ሰረዘው። ውብዳር ዘወር ብላ ዐይኑን አየችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ልክ ያኔ በስልክ እንዳላት አድርጋ ጠየቀችው።

«ከአባባ ደብዳቤ መጣ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው ታየ፤ ደሙ ከፊቱ ተመጠጠ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ ቀረ። «ሠናይት...» አለ።

«ሠናይትን ተዋት! እኔን አናግረኝ። አቅፌ ይዤህ ነበር እኮ! ይችን ጣቴን ተመልከታት፤ ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ትጠዘጥዘኛለች። ግንባርህ እንዳይፈነከት ብዬ ነው። ለቲያትርህ ነው ለካ!»

«እትዬ፣ ሰው እያየን ነው...»

«ይየን! ያኔስ ስድስት ሰው ያየን አልነበር? ጋሽ ገብረክርስቶስ አይደሉም ያለቀሱልህ? ስምንት ቀን አባቴን በደረቴ ቀብሬ ለአንተ ሳቅሁልህ። አንተ ባሕር ዳር ተኝተህ፣ ታፍነዋለች፣ አውቃታለሁ አልክ።»

«አፍሬ ነው። ሳላገባት ወስጄያት፣ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? ከዚያ ቀኑ እየራቀ ሄደ፤ በራቀ ቁጥር ባሰ። አንቺም እንዳትጎጂ ብዬ...»

«እግርህ ላይ ስወድቅስ?» አለች። ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ አሮጊቷ ከእንቅልፏ ነቃች። «ያባባን ስም ጠርቼ ዋሸሁህ፣ ማረኝ ብዬ እግርህን ስይዝ፣ ምነው ያኔ ዝም አልክ? ምነው አንድ ቃል ቢወጣህ? ራሴን ዳብሰህ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አልከኝ!»

ግርማቸው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ይቅር በዪኝ» አላት፤ በእውነት ሳይሆን አይቀርም፣ ዐይኑ ሞልቷል። ግን ውብዳር ያን ዐይን ሞልቶ አይታዋለች፤ ከዚህ የበለጠ ሞልቶ፣ ሲፈስም አይታዋለች። ከእንግዲህ የትኛውን እንባ ትመን?

«መጀመሪያ የሰጠኸኝን ይቅርታ መልሰህ ውሰድ፤» አለችው። «ሳልበድልህ ነው የተቀበልኩህ። እሱን ካነሣህልኝ በኋላ፣ ስለ አንተው እግዜር ያውቃል።»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። ተነሣች፤ ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ በደረቷ አቅፋ አሳለፈችው። ትኬቱ እዚያ ውስጥ እንዳለ አልነገረችውም። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስታይ እንደቆመ ነው፤ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ እያወለበለበ ይሁን እያስቆማት አልለየም። አውቶቡሱ ወጣ።

ፍሪሞንት እስኪደርሱ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሽማግሌ፣ ምንም ሳይላት መሐረብ ሰጣት፤ እሷም ምንም ሳትለው ተቀበለች። ሲወጣላት ቦርሳዋን ከፈተች። የግርማቸውን ትኬት አልቀደደችውም፤ ሰኞ ወስዳ ትመልሰዋለች፣ በሰዓት ደመወዟ የገዛችው ነው። ቢጫውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከአሥራ አንዱ ሁለት ቀርተዋል፤ ጀልባውና ዓሦቹ። ነርስ የምትጽፍበትን ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣችና በእነሱም ላይ መስመር ሳበችባቸው። ከታች፣ ቀዩ መስመር ሁለቴ ያለፈበት ላይ ደረሰች። «ነፋስ ብቻ» ይላል የወንድሟ ጽሕፈት። ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም፣ ቀስ ብላ፣ ፓሊ ብላ እንደገና ጻፈች፤ ከጎኑም የመጀመሪያ ቀን አለችበት።

ሻንጣዋ ኦክላንድ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ነው የተወችው። በሰባት ዶላር የገዛችው አበባ ያለበት ቀሚስ ከላይ ተጣጥፏል። እሱ ይወጣል። ዓመት ለብሳ፣ አጥባ፣ ቁም ሣጥን ጥግ የሰቀለችው ጥቁር ቀሚስ ይገባል፤ ነጠላዋም። የአባቷ ባርኔጣ እዚያ ገደል ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይለቀስበት ተኝቷል፤ ለቅሶ ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ይደረሳል።